ያውቁ ኖሯል? ከእርጎ ማሰሮ እስከ ኑቢያ አጥንት

ወተትዎ አልረጋ ሲል ምክንያቱ ማሰሮው ወይም ብርዱ ብቻ ላይሆን እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርቡት አካባቢዎች መካከል ናቸው። እዚያ ያለች ላም ግቷ አብጦ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ስትወጋ መድኃኒቱ ወደ ወተቷ ይገባል። ወተቱን የሚያረጉት ባክቴሪያዎችም በሽታ አምጪዎቹን በሚመታው መድኃኒት ይመታሉ። ማፍላት መድኃኒቱን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ በመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ የተጻፈው የጥበቃ ቀን እስኪያልቅ ወተቱ ለሽያጭ መቅረብ የለበትም፤ ይህን ለገበሬው ደጋግሞ መንገር የእንስሳት ሐኪሙ ትልቅ ኃላፊነት ይመስለኛል።

ይህ መድኃኒት ባክቴሪያውን ሳያፈርስ ሥራ እንደሚያስፈታውስ? በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ራይቦዞም የሚባል ፕሮቲን ሠሪ አለ። አሚኖ አሲዶችን አንድ በአንድ፣ ዶቃ በክር እንደሚሰካ ሰው፣ ይቀጣጥላል። ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚመደብበት የቴትራሳይክሊን ወገን ቀጣዩ ዶቃ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ሌላው መድኃኒት አዚትሮማይሲን የተሠራው ሰንሰለት የሚወጣበትን መተላለፊያ ያጠብባል። ስትሬፕቶማይሲን ደግሞ ራይቦዞሙ ትእዛዙን አሳስቶ እንዲያነብ ያደርጋል። ፕሮቲን ያጣ ባክቴሪያ አያድግም፣ አይራባም።

የእኛ ራይቦዞም ከባክቴሪያው በቅርጽ ይለያል፤ መድኃኒቱ እኛን ትቶ ባክቴሪያውን የሚመታው በዚህ ነው። የራይቦዞምን ቅርጽና አሠራር በማጥናታቸው ቬንካትራማን ራማክሪሽናን፣ ቶማስ ስታይትዝና አዳ ዮናት እ.ኤ.አ. በ2009 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። ነገር ግን በሕዋሳችን ውስጥ ያለው ማይቶኮንድሪያ የራሱ ራይቦዞም አለው፤ እሱም የባክቴሪያውን ይመስላል። ክሎራምፌኒኮል የተባለው ሌላ መሰል መድኃኒት የአጥንት መቅኔን ሊጎዳ የሚችልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የቴትራሳይክሊን እንክብል በወተት እንደማይዋጥ ያውቁ ኖሯል? በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን ይይዘዋል፤ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ካልሲየም ባለበት ስለሚጣበቅ በማደግ ላይ ያለን ጥርስም ያበላሻል፤ እንክብሉ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን የማይሰጠው ለዚህ ነው።

በጎረቤታችን ሱዳን፣ እ.ኤ.አ. ከ350 እስከ 550 ገደማ የኖሩ የኑቢያ ሰዎች አጥንት ውስጥ ቴትራሳይክሊን መገኘቱንስ? ተመራማሪዎች በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያዩት አጥንቱ አበራ። ስትሬፕቶማይስስ የተባለው የአፈር ባክቴሪያ ያደገበትን እህል ጠምቀው ይጠጡት እንደነበር ይገመታል። ዘመናዊው ኦክሲቴትራሳይክሊን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው፤ እሱም ከዚያው የባክቴሪያ ወገን የተገኘ።

በዓለም ትልቁን የትራኮማ፣ ባክቴሪያ የሚያመጣው የዓይን በሽታ፣ ሸክም የተሸከመችው ኢትዮጵያ መሆኗን ያውቁ ኖሯል? በአማራ ክልል አዚትሮማይሲን ለመላው ማኅበረሰብ በአንድ ጊዜ መጠን ይታደላል፤ ለጨቅላዎች ደግሞ ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት አለ። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ በተደረገ ጥናት አዚትሮማይሲን በተደጋጋሚ በታደለባቸው ቀበሌዎች በሕፃናት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ መድኃኒቱን የለመደ ኒሞኮከስ የተባለ ባክቴሪያ በዛ። በኢትዮጵያ የተደረገ ሌላ ጥናት ግን እደላው ሲቆም የለመደው ባክቴሪያ ድርሻ መልሶ እንደሚቀንስ አሳይቷል።