በመዳፍ የሚያዝ ጨዋታ በሸጎሌ

በመዳፍ የሚያዘው የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ፣ ልጆቻችን ባጭሩ «ጌም» የሚሉት፣ በተፈጠረበት አገር የታሰበው ለአንድ ብቸኛ ተጓዥ ሲሆን፣ በመርካቶ በኩል አልፎ ወደ ጉለሌ፣ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ቤታቸውን ሠርተው ወደ ኖሩበት ወደ ሸጎሌ በዘለቀ ጊዜ ግን ባሕርዩን ለውጦ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ተራ የሚጠብቅበት የማኅበር ዕቃ ሆነ። ይህ መሣሪያ ከየት እንደ መጣ፣ በምንስ ምክንያት የሰውን ልቡና እንደሚማርክ መመርመር የሚገባው ከዚህ መለወጥ የተነሣ ይመስለኛል።

ጨዋታን ይዞ መዞር ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ገበጣ በጠራቢ እጅ የተዋበ ገበታ ቢያገኝ መልካም፣ ባያገኝም እረኛው መሬቱን ጎድጎድ አድርጎና ጠጠር ለቅሞ ከብቱን እየጠበቀ ይጫወተዋል፤ ዓይነቱም ከአውራጃ አውራጃ እንዴት እንደሚለያይ ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ባወጡት ሰፊ ጥናት ዘርዝረውታል። ገበጣ ግን ሁለት ሰው ይሻል። አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ከግዑዝ ዕቃ ጋር የሚፎካከርበት፣ ዕቃውም በኪስ የሚገባበት ጥበብ የኋለኛው ዘመን ሥራ ነው።

መጀመሪያ የተወለደው በአሜሪካ ነው፤ ማቴል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 መኪናው በቀይ የመብራት ነጠብጣብ ብቻ የሚታይበትን የእሽቅድምድም መጫወቻ አወጣ፣ በ1979ም ሚልተን ብራድሊ ካሴቱን እየለዋወጡ የሚጫወቱበትን ማይክሮቪዥን ሠራ። የመሣሪያውን ነፍስ ያገኙለት ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1889 የመጫወቻ ካርታ እያተመ ሥራውን በጀመረው በኪዮቶው ኒንቴንዶ ተቀጥረው የነበሩት ጉንፔይ ዮኮይ ናቸው፤ እርሳቸው፣ እንደሚተረከው፣ አንድ ደክሞት በባቡር የተቀመጠ ሠራተኛ የሒሳብ ማሽኑን ቁልፎች ያለ ዓላማ እየነካካ መንገዱን ሲገፋ አይተው፣ የሒሳብ ማሽኑን ርካሽ መስታወት ወስደው እ.ኤ.አ. በ1980 ጌም ኤንድ ዎች የተባለውን፣ ሰዓትም መጫወቻም የሆነውን ዕቃ አበጁ። ከሁለት ዓመት በኋላም አውራ ጣት ሳይነሣ ወደ አራቱ ማዕዘን የሚያዝዝበትን፣ በመስቀል አምሳል የተቀረጸውን ቁልፍ ጨመሩበት፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራው መሣሪያ ሁሉ ከሞላ ጎደል ይህን ቁልፍ ወርሷል።

የዮኮይ ፍልስፍና ገና ያልበሰለውን አዲስ ጥበብ ከማሳደድ ይልቅ ዋጋው የወረደውንና ጠባዩ የታወቀውን አሮጌ ጥበብ ማንም ባላሰበው መንገድ ማዋል ነበር። የዚህ ፍልስፍና ፍሬ የሆነው ጌም ቦይ በጃፓን የተሸጠው ሚያዝያ 13 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ አገር የጄኔራሎቹ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሊደረግ አንድ ወር እንኳ አልቀረውምና፣ የዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ ሰው ስለ መጫወቻ የሚያስብበት ልብ አልነበረውም። መስታወቱ ቀለም የለሽ፣ አረንጓዴ የመሰለ፣ የራሱ ብርሃን የሌለው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የመጣው የአታሪ ሊንክስና በ1990 የመጣው የሴጋ ጌም ጊር ግን በቀለም ያሸበረቁ፣ ከውስጥ የሚያበሩ ነበሩ። ይሁን እንጂ ጌም ጊር ስድስት የባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ጨርሶ ሲጠፋ፣ ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ይቆይ ስለ ነበር፣ ከቀለማሙ ተከታዩ ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ገዢው ውበትን ትቶ ዕድሜን መረጠ፤ የባትሪ ድንጋይን ዋጋ የሚያውቅ ሰውም ይህን ምርጫ ለመረዳት ሊቅ መሆን አያሻውም።

ስለ ማራኪነቱ ስንናገር ቴትሪስን ሳንጠራ ማለፍ አይቻልም። አሌክሲ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 በሞስኮ፣ በሳይንስ አካዳሚው የኮምፒዩተር ማእከል የሠሩት ይህ ጨዋታ፣ እያንዳንዳቸው ከአራት ካሬ የተጣመሩ ሰባት ቅርጾች ከላይ ሲወርዱ እያዞሩ በረድፍ ማሰናዳት ብቻ ነው። ረድፉ ሲሞላ ይጠፋል፤ የተሳሳተው ግን ባለበት ይቀራል፣ እየተከመረም እስከ ጣራ ይደርሳል። በጎ ሥራ የሚሰወርበት፣ በደል ብቻ የሚቆጠርበት፣ ፍጻሜውም ያለ ጥርጥር ሽንፈት የሆነ ጨዋታ ሰውን እንዴት ያስደስታል ቢባል፣ መልሱ የሚገኘው በዚያች በረድፉ መሰወር ቅጽበት ይመስለኛል፤ ከዝርክርክ ሥርዓት ሲወጣ ማየት፣ ያውም በራስ አውራ ጣት፣ ለኅሊና ዕረፍት ነውና። ኮስሞኖት አሌክሳንደር ሴሬብሮቭ እ.ኤ.አ. በ1993 ወደ ሚር የጠፈር ጣቢያ ጌም ቦይና ቴትሪስ ይዘው መውጣታቸው፣ ይህን ዕረፍት ከምድር የራቀ ሰው እንኳ እንደሚሻው ያሳያል።

ወደ ሸጎሌ የደረሰው ግን ጌም ቦይ አልነበረም። የሰፈራችን ልጆች በ1990ዎቹ ያወቁት ስም የለሹን የቻይና ሥራ፣ ገጽታው ላይ «9999 በ1» የሚል የተጋነነ ቁጥር የታተመበትን፣ ውስጡ ግን ቴትሪስንና ጥቂት ዘመዶቹን ብቻ የያዘውን ፕላስቲክ ነው። መስታወቱ ወደ ጎን 10፣ ወደ ላይ 20 ካሬ ያህል ብቻ ነበረው፤ መኪናውም፣ ታንኩም፣ እባቡም ከእነዚሁ ካሬዎች ይሠሩ ስለ ነበር የጎደለውን የሚሞላው የልጁ ምናብ ነበር። አንዱ ልጅ ከአጎቱ በስጦታ ያገኘውን ጌም ይዞ ከደጅ ሲወጣ፣ አምስት ስድስት ራሶች በትከሻው ላይ ይደረደራሉ፤ የሞተ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል፣ ቆሞ የሚያየው «አዙረው! አዙረው!» እያለ ያዝዛል፣ ባለቤቱም ተቆጥቶ ቤቱ እስኪገባ ድረስ ሸንጎው አይበተንም። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በጥርስም ይነከሳል፤ ይህ ጥቂት ደቂቃ ቢጨምር እንጂ የሞተውን አያነሣም። ለብሕትውና የተፈጠረው ዕቃ በዚህ ዓይነት ወደ አንድነት ገዳም ገባ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የፕሌይስቴሽን ቤት ይህንኑ ጠባይ በክፍያ አደራጀው፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ተሸናፊ ይነሣል በሚል ሕግ፣ የእግር ኳስ ጨዋታ ለተመልካችም ትርኢት ሆነ። ድካሙ መብራት ነው። በግልገል ጊቤ 3 የውኃው መጠን በማነሱ ምክንያት በግንቦት 2011 ዓ.ም. ፈረቃ በታወጀ ጊዜ፣ ቴሌቪዥን የሚሻ ጨዋታ ሁሉ መብራት እስኪመጣ ሲጠብቅ፣ በመዳፍ ያለው ግን ባትሪው እስከ ቆየ ድረስ ይቀጥል ነበር።

የስልኩን ምዕራፍ አንባቢ ራሱ ያውቀዋልና በአጭሩ ላልፍ። የኖኪያዋ እባብ እ.ኤ.አ. በ1997 ከፊንላንድ ተነሣች፤ ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ጨዋታን ለመግዛት ያላሰበው ጎልማሳ ሁሉ ሳያውቀው ባለ ጨዋታ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ መንደሮች አስተማሪ ሳይመደብላቸው በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች የታደሏቸው ልጆች ማብሪያውን በደቂቃዎች ውስጥ አግኝተው እንደ ነበር ታብሌቶቹን ለሙከራ ያደሉት ሰዎች ተናግረዋል፤ ስለ ትምህርቱ ውጤት የተነገረውን እንደ ነገሩ ብንወስደውም፣ ማብሪያውን ስለ ማግኘታቸው የሚጠራጠር ልጅ አሳድጎ የማያውቅ ነው። በአገር ልጆች በኩልም ቅኔ ጌምስ የተባለው ኩባንያ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮን በኩኩሉ፣ የጥንቱንም ገበጣ ለስልክ አድርጎ አቅርቧል።

ነገር ግን ስልክ የጨዋታን መሣሪያ ፈጽሞ አልተካም፤ ለስላሳው መስታወት ጣት የት እንዳረፈ አይናገርም፣ በጨዋታው መካከልም እናት ትደውላለች፣ መልእክትም ይገባል። በመዳፍ የሚያዘው ጌም ከአንድ ተግባር በቀር የማያውቅ በመሆኑ ተመስጦን ይሰጣል፤ ወላጆችም ልጁ ሲጠሩት አይሰማም ብለው የሚያማርሩት ይህንኑ ነው።

ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ስዊች ከሁለቱ ጎኖቹ የሚነቀሉ ሁለት መቆጣጠሪያዎች አሉት፤ አንዱን ለራስ አስቀርቶ ሁለተኛውን አጠገብ ላለው ሰው መስጠት ይቻላል። ዋጋው ከብዙው የሸጎሌ ቤተሰብ አቅም በላይ ስለ ሆነ፣ የሚመጣ ቢሆን ብዙውን ጊዜ በውጭ አገር ዘመድ ሻንጣ ነው፤ የመጀመሪያውም ዓይነት እንደ ጨዋታው ክብደት ከ2.5 እስከ 6.5 ሰዓት ብቻ ስለሚቆይ፣ ተራ የሚጠብቁት ልጆች መቆጣጠሪያ ቢተርፋቸውም ባትሪው ላይተርፋቸው ይችላል።