ተጨማሪ መረጃ፦ የመንደሩ ሀብት የሆኑ ተርባይኖች
በስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ የምትገኘው ጊያ የተባለች ትንሽ ደሴት ለብዙ ዘመን ከአንዱ ባለርስት ወደ ሌላው ስትሸጥ ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2002 መቶ ያህሉ ነዋሪዎቿ በድጎማና በብድር ደሴቲቱን ራሳቸው ገዙ። ያኔ አብዛኞቹ ቤቶች ያረጁና ብርድ የሚያስገቡ ነበሩ፤ ለማደሻ የሚሆን ገንዘብ ግን አልነበረም። በደሴቲቱ የማይታጣው ነፋስ ብቻ ነው።

ነዋሪዎቹ ከዚህ ነፋስ ኤሌክትሪክ አመንጭተው ለመሸጥ ሲነሱ አዲስ ማሽን አልገዙም። ሌላ ቦታ ሲሠሩ የቆዩ፣ እያንዳንዳቸው 225 ኪሎዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሦስት ያገለገሉ ተርባይኖች አምጥተው ተከሉ፤ «ጨፋሪዎቹ ወይዛዝርት» ብለውም ሰየሟቸው። አቅማቸውን ያገናዘበ፣ ብልህ ውሳኔ ነበር። ብዙ ሰው እንደሚገምተው መብራቱ ከተርባይኑ በቀጥታ ወደየቤቱ አይገባም፤ ኃይሉ ለዋናው የኤሌክትሪክ መረብ ይሸጣል። ከገቢው የብድር ክፍያ፣ የጥገና ወጪና ለማሽን መተኪያ የሚቀመጠው ተቀንሶ የተረፈው ለቤት እድሳትና ለመሳሰሉት የጋራ ሥራዎች ይውላል። እርግጥ ማሽን ሲበላሽ ወይም ነፋስ ሲጠፋ ኪሳራውም የራሳቸው ነው። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2013 አራተኛ ተርባይን ጨምረዋል፤ የማመንጨት አቅሙም 330 ኪሎዋት ነው።