ፍሙ ገበታው መካከል ሲቀመጥ

የመተማ ዮሐንስ ሰው ውጭ አገር ሥጋ ለመብላት ሩቅ መሄድ የለበትም። ከተማዋን ከጋላባት የሚለያት አነስተኛ ወንዝ ነው፤ ድልድዩን የተሻገረ ሱዳን ገባ ማለት ነው። በወዲህ በኩል ደንበኛው ልኳንዳ ቤት ገብቶ የተንጠለጠለውን ሥጋ በዓይኑ ይመርጣል፤ ከሽንጡ፣ ከጎድኑ እያለ ያስመዝናል። ሥጋው ወደ ጓዳ ይገባና በሽንኩርት፣ በቃሪያና በቅቤ ተጠብሶ ይቀርብለታል። በወዲያ በኩል ሱዳኖች ሸያ የሚሉት ጥብስ አለ። ሥጋው ከፍም በላይ ይዘረጋል፣ ቅመሙ ከጨው እምብዛም አያልፍም፣ ሲቀርብ ሎሚ፣ የተፈጨ በርበሬና ደኳ የሚባል የለውዝ ማባያ ይከተሉታል። ወደ ከሰላ የዘለቀ መንገደኛ ደግሞ ሰላት ያገኛል፤ እዚያ ድንጋይ በፍም ይግልና ሥጋው በጋለው ድንጋይ ላይ ይበስላል።

በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በዚህ ቆላ ሰው ከፍም አጠገብ ለመቀመጥ መፍቀዱ ሊያስደንቅ ይችላል። ጥብሱ ግን የምሽት ነገር ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ወንበር ወደ ደጅ ይወጣል፣ ከሰሉም ያኔ ይቀጣጠላል።

ከእነዚህ ሁሉ ታሪኩ ረጅም መንገድ የተጓዘው አጋሼ ነው። በስሱ የተቆረጠ ሥጋ በተፈጨ ለውዝና ቅመም ይለወስና በእንጨት ተሰክቶ በእሳቱ ዙሪያ ይተከላል። ወደ ሱዳን ያመጡት ሐውሳዎች ናቸው። ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው ወደ መካ ሲሄዱ ወይም ከዚያ ሲመለሱ በመንገድ የቀሩ ምዕመናን የልጅ ልጆቻቸውን በሱዳን ምድር አሳድገዋል። ይህ ታሪክ ለመተማ የጎረቤት ወሬ አይደለም፤ የራሷ ነው። ተክሩር የሚባሉት ሰዎች እንዲሁ በሐጅ መንገድ መጥተው በመተማና በጋላባት ሰፍረው፣ ገበያውን አቋቁመው፣ በሼኾቻቸው ሲተዳደሩ ኖረዋል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 በጋላባት ሲያልፍ ያገኛቸው እነሱን ነበር። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት መተማ ከጦር ሜዳነቷ በፊትም በኋላም የመንገደኛ ከተማ ናት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳም በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች የገቡት በዚህችው በር ነው።

ጥብስ ከሰው ጋር ድንበር ይሻገራል። ለዚህ ከመተማ ውጭ ጥሩ ምስክር የሚሆነው ብዙዎች የማይጠብቁት አገር፣ ጃፓን ነው።

ዛሬ ወደ ቶኪዮ ወይም ወደ ኦሳካ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ፣ ተማሪም ይሁን ሠልጣኝ፣ ነጋዴም ይሁን ሯጭ፣ ያኪኒኩ ቤት መጋበዙ አይቀርም። ያኪኒኩ በገበታው መካከል በተቀበረ ምድጃ ላይ ተመጋቢው ራሱ እየጠበሰ የሚበላው ሥጋ ነው። ጃፓኖች እንዲህ ሥጋ ወዳድ ሆነው የኖሩ ይመስላል፤ እውነቱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ675 ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ የላም፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የጦጣና የዶሮ ሥጋ በእርሻው ወራት እንዳይበላ አዋጅ አወጡ። የቡድሃ ትምህርትም ስላገዘው በሬ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የእርሻ አጋር እንጂ የገበታ ሲሳይ አልነበረም። በሬውን ጠምዶ ለሚያርስ የአማራ ገበሬ ይህ ለመረዳት የሚከብድ አይደለም። ንጉሠ ነገሥት ሜጂ እ.ኤ.አ. በ1872 የበሬ ሥጋ መብላታቸው በይፋ ሲነገር ነው የሕዝቡ ፍርሃት መለዘብ የጀመረው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የኢትዮጵያን መልእክተኞች መርተው በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ሲጎበኙና "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን" የተባለውን መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ ዛሬ የምናውቀው ያኪኒኩ ቤት ገና በየጎዳናው አልነበረም። አበበ ቢቂላ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቁን ሲያጠልቅ ግን ነበር። በሁለቱ መካከል የሆነው ነገር ስደት ነው።

ጃፓን ኮሪያን እ.ኤ.አ. በ1910 በቅኝ ግዛት ያዘች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በጃፓን ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ኮሪያውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፣ ወደ ስድስት መቶ ሺህ የሚሆኑት ቀሩ። ሥራ ማግኘት ጭንቅ ነበር፣ እህል በራሽን ነበር። ጃፓኖቹ ብዙም የማይፈልጉት አንጀት፣ ጨጓራ፣ ልብና ጉበት በርካሽ ይገኝ ስለነበር ኮሪያውያኑ በነጭ ሽንኩርት፣ በሰሊጥ ዘይትና በአኩሪ አተር ሶስ እያሹ በፍም ጠብሰው ይሸጡት ጀመር። በኦሳካ የጹሩሃሺ ባቡር ጣቢያ አካባቢ እስከ ዛሬ የኮሪያውያን ሠፈር ነው፤ ከባቡር የወረደ ሰው የጥብሱን ሽታ ይዞ ወደ ምግብ ቤቱ ይደርሳል። ዱለት ለሚወድ ኢትዮጵያዊ የእነዚያ ሴቶችና ወንዶች ብልሃት ወዲያው ይገባዋል። የከብቱን የውስጥ ዕቃ ማክበር ድህነት ያስተማረው ጥበብ ነው፤ ጃፓን ዛሬ ከውድ ሥጋዋ ጎን በእኩል ፍላጎት ትበላዋለች።

ንግዱ ያደገው በሁለት ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጭስን ከምድጃው ሥር የሚስብ መሣሪያ በየምግብ ቤቱ ስለተተከለ ልብስ ጭስ ጭስ መሽተቱ ቀረ፣ ቤተሰብና ሴቶችም በብዛት መጡ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ጃፓን በውጭ የበሬ ሥጋ ላይ የነበረውን የኮታ ገደብ አነሣች፤ ዋጋው ወረደ። ዛሬ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ የፈለጉትን ያህል የሚበሉበት ቤት ለአንድ ሰው ከ3,000 እስከ 5,000 የን ያስከፍላል። ዋግዩ የሚባለው ሥጋ ግን ከዚህ በእጅጉ ይወደዳል። ጮማው እንደ እኛው ጎን ለጎን የተለጠፈ ሳይሆን በቀዩ ሥጋ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ተሰራጭቶ ይታያል፤ ከ1 እስከ 12 በሚደርስ ልኬትም ይመዘናል።

ገበታው ላይ ምን ይደረጋል? ሥጋው ስስ ሆኖ፣ በትንንሽ ሳህን ይመጣል። ልማዱ በምላስ መጀመር ነው፤ በጨውና በሎሚ ብቻ። ቀጥሎ ጎድን፣ ቀጥሎ በሳምባና በሆድ ዕቃ መካከል ያለው ለስላሳ ሥጋ፣ በመጨረሻ አንጀትና ጨጓራ። በሶስ የታሸውን አስቀድሞ የጠበሰ ሰው ርብራቡን ሽቦ ቶሎ ያሳርራል፤ ያረረ ሽቦ ሲታይ ሽቦውን በአስተናጋጁ ማስቀየር ነውር የለበትም። ሥጋውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መዘርጋት የጀማሪ ጠባይ ነው። ሁለት ሦስት ቁራጭ ማስቀመጥ፣ ጠርዙ ሲለወጥ መገልበጥ፣ በትኩሱ መብላት ነው የሚበጀው። ጥሬውን የሚያነሣው መቆንጠጫ ሌላ፣ የሚበሉበት ቾፕስቲክ ሌላ መሆኑን የማያውቅ እንግዳ ብዙ ነው፤ ይህ ለጨዋነት ብቻ ሳይሆን ለጤናም ነው።

ማጥቀሻው ውስጥ ሰሊጥ አለ፤ በፍሬውም በዘይቱም። እዚህ ላይ የምዕራብ ጎንደር አንባቢ ቆም ይበል። ጃፓን የምትበላውን ሰሊጥ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከውጭ ታስገባለች፤ የአፍሪካ አገሮች ዋና አቅራቢዎቿ ናቸው፣ ኢትዮጵያም ከሻጮቹ አንዷ ናት። በመተማና በቋራ የሚመረተው፣ ገበያው የጎንደር ሰሊጥ ብሎ የሚያውቀው ነጭ ሰሊጥ የታወቀ የውጭ ንግድ ሸቀጥ ነው። በሐሩር ሰሊጥ የሚያጭደው የቀን ሠራተኛ የላቡ ፍሬ በአንዱ የኦሳካ ሳህን ላይ ሊገኝ ይችላል።

ለኢትዮጵያዊ ተመጋቢ አንድ ማስጠንቀቂያ የግድ ነው፤ የጉርሻ ነገር። በጃፓን ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ ምግብ መቀባበል ከባድ ነውር ነው፤ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ቤተ ዘመድ አጥንቱን የሚያነሣው በዚያ መንገድ ስለሆነ ሐዘን ያስታውሳል። ለወዳጁ የጠበሰለትን ሥጋ ማካፈል የሚፈልግ ሰው ወዳጁ ሳህን ላይ ያስቀምጥለት። ለአስተናጋጅ ጉርሻ መስጠትም አልተለመደም፤ ገበታው ላይ ብር ትቶ የወጣን እንግዳ የረሳ መስሏቸው ሮጠው ይደርሱበታል።

ከዚህ የሚከብደው የእምነት ጥያቄ ነው። ሥጋው ማን ያረደው ነው? መተማ ላይ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ሆነው በየልኳንዳቸው ይገዛሉ፤ ሠርግ ሲኖር ለሌላው እምነት ተከታይ ለብቻው የሚታረድ በግ ይሰጣል። ልማዱን አጥብቆ የያዘ ክርስቲያን ጋላባት ሲሻገር ፉል ቢያዝ ማንም አይገረምም። በጃፓን ግን ከብቱ የሚታረደው ያለ ምንም ሃይማኖታዊ ሥርዓት በዘመናዊ ቄራ ነው። የአሳማና የበሬ ሥጋ በአንድ ሽቦ ላይ ይጠበሳል፣ በሶሱ ውስጥም ከሩዝ የተጠመቀ አልኮል ብዙ ጊዜ አለ። ሙስሊም ተጓዦች በመብዛታቸው በትልልቆቹ ከተሞች ሐላል ያኪኒኩ ቤቶች ተከፍተዋል። ለሌላው መንገዱ አስቀድሞ መናገር፣ በጨው ብቻ ማዘዝና የራስን ሽቦ መጠየቅ ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ደግሞ ግብዣው ሳይደርስ ለጋባዡ ይንገር፤ እንጉዳይ፣ ስኳር ድንችና ዱባ በዚያው ፍም ላይ ይጠበሳሉ። ኪምቺ ብዙ ጊዜ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ መረቅ እንዳለበትም ይወቅ።

ጥሬ ሥጋ የሚወድ ኢትዮጵያዊ ያኪኒኩ ቤት ውስጥ ዩኬ የሚባለውን የተከተፈ ጥሬ የበሬ ሥጋ ሲያይ ክትፎ ያገኘ ይመስለዋል። የዚህ ምግብ ታሪክ ግን መሪር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተበከለ ዩኬ አምስት ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ታመሙ። መንግሥት በዚያው ዓመት ለጥሬ ሥጋ ጥብቅ መለኪያ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 ደግሞ ጥሬ የበሬ ጉበት መሸጥን ፈጽሞ ከለከለ። ለሌላው ሥጋ የጤና ባለሥልጣናቱ ምክር ውስጡ 75 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ አንድ ደቂቃ እንዲቆይ ነው። ኮሶንና አባ ሰንጋን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም።

ከጃፓን ልምድ ሁሉ ለመተማ የሚጠቅመው ግን ከገበታው ራቅ ብሎ ያለ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 የእብድ ላም በሽታ በጃፓን ሲገኝ ሕዝቡ ሥጋ መብላት ፈራ፣ ያኪኒኩ ቤቶች ባዶ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ሕግ እያንዳንዱ ከብት ሲወለድ ጆሮው ላይ ባለ 10 አሃዝ ቁጥር ይንጠለጠልለታል፤ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2004 ጀምሮ ሥጋ ሻጮችና ያኪኒኩ ቤቶች ያንን ቁጥር ለደንበኛ የማሳየት ግዴታ አለባቸው። ተመጋቢው ቁጥሩን በስልኩ አስገብቶ በሬው መቼና የት እንደተወለደ፣ የት እንዳደገ፣ የት እንደታረደ ያያል። አመኔታው የተመለሰው በዚህ ነው።

የምዕራብ ጎንደር ከብት ድንበር ይሻገራል፣ ጥብሱም ሰዉም እንዲሁ። ታሪኩ ግን አብሮት አይሻገርም። ከጭልጋ፣ ከደምቢያና ከአለፋ ወደ ቆላው የሚወርደው ከብት፣ ሩጣና የሚባለው የአካባቢው ዝርያ፣ ከሱዳን ወገን የሚገባው የፈላታ መንጋ በአንድ ግጦሽና በአንድ ውኃ ይገናኛሉ። ከዚያ ብዙው በእግሩ፣ ከሕጋዊው መስመር ውጭ፣ ማን እንዳረባውና ምን እንደተከተበ ሳይታወቅ ወደ ሱዳን ይነዳል። አርቢው የልፋቱን ዋጋ አያገኝም፤ አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ ሲነሣም ምንጩን ማንም አያገኘውም። የእንስሳት ሀብት ባለሥልጣናት፣ የዞኑ አስተዳደርና የከብት ነጋዴዎች ማኅበራት ምዝገባውንና ክትባቱን ከመተማ፣ ከሸኽዲና ከቋራ የከብት ገበያዎች በር ላይ ቢጀምሩ አርቢው በሬውን በስሙና በጤናው መሸጥ ይችላል። ለዚህ የጃፓን ሀብት አያስፈልግም፤ የጆሮ ቁጥር፣ መዝገብና በየሳምንቱ ገበያ የሚገኝ የእንስሳት ሐኪም ይበቃል።