የፈረሷ ጋማ ሲያልቅ... ይጣል ወይስ ይተከል?

ስለ ጸጉር ሲነሳ መቼም የሁላችንም ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ራሳችን ጭንቅላት ነው። ሳሳ፣ ተነቃቀለ፣ ሹሩባው አልያዘልኝም፣ ፓይስትራው አቃጠለብኝ... ስንቱ! ዛሬ ግን የማጫውታችሁ ስለ ሌላ ጭንቅላት ነው። ስለ አሻንጉሊት ፈረስ!

"ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ደግሞ የፕላስቲክ ፈረስ ጋማ ምን ይሉት ጨዋታ ነው?" የምትሉ አትጠፉም። እኔንም እዚህ አሶሳ ጓደኞቼ "ባል ፈልጊ ብንልሽ ፈረስ ታበጥሪያለሽ?" እያሉ ሲስቁብኝ ከርመዋል። ይሳቁ! ሙያው ግን ሙያ ነው። ከሙያውም ሌላ አንድ ቁም ነገር አስተምሮኛል። እስቲ ረጋ ብላችሁ ተከተሉኝ።

ለመሆኑ ፈረሷ ማን ናት?

ባለ ቀለም ጋማዋ ትንሽ ፈረስ በዓለም ላይ "ማይ ሊትል ፖኒ" በሚል ስም ትታወቃለች። ሀስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1981 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያ "ማይ ፕሪቲ ፖኒ" ብሎ ተለቅ ያለች ፈረስ አወጣ። ሐሳቡን ያመነጨችው ቦኒ ዛከርሊ የምትባል ሠዓሊ ናት። ብዙም ሳይቆይ በእጅ የምትያዘው ትንሿ ተከተለች። የመጀመሪያዎቹ 6 ነበሩ። በ1997፣ በ2003 እና በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ መልኳን እየቀየረች አዲስ ትውልድ ሆና ወጥታለች። በ2010 የጀመረውን የቴሌቪዥን ካርቱን ልጆች ብቻ ሳይሆኑ ጢም ያበቀሉ ወንዶች ጭምር ወደዱት ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በዚያ በውጭው ዓለም የ1980ዎቹን ፈረሶች ፈልገው የሚሰበስቡ፣ የሚያጥቡ፣ ጋማቸውን እንደ አዲስ የሚተክሉ ትልልቅ ሰዎች ሞልተዋል።

የፈረሷ ጣዕም ጋማዋ ላይ ነው። ሕፃን ልጅ ታበጥራታለች፣ ትጎነጉናታለች፣ ትፈታታለች። ጋማዋ ካለቀ ምን ቀራት? ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ!

ወደ እጄ እንዴት ገባች?

በሠፈራችን አንዲት የ9 ዓመት ልጅ አለች። እናቷ ዓረብ አገር ለሥራ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል። የሚያሳድጓት አያቷ ናቸው። እናት አንድ ጊዜ ለፈቃድ ስትመጣ ሐምራዊ ጋማ ያላት ፈረስ በሻንጣዋ ይዛላት መጣች። ማታ ማታ እናትና ልጅ አልጋ ላይ ቁጭ ብለው ያንን ጋማ ሲያበጥሩ ያመሹ ነበር። ፈቃዱ አለቀ፣ እናት ተመለሰች፣ ፈረሷ ቀረች።

አንድ ቀን ታዲያ ቡና ተፈልቶ ሳለ ፈረሷ ከሰል ምድጃው አጠገብ ተረሳች። ሰው ሠራሽ ጸጉር ደግሞ እሳት አይችልም። ጋማው ተኮማተረ፣ ቀልጦ ተጣበቀ፣ ግማሹ እንደ ጠጠር ደረቀ። ደህና የቀረው ጭራዋና ከአንገቷ በታች ያለው ትንሽ ጋማ ብቻ ነው።

አያትየው ልጅቷን አስከትለው መጡ። "ልጄ፣ እጅሽ ለጸጉር ይመቻል ይሉሻል፤ እስቲ ይቺን ነገር እይልኝ። ሌላ ይገዛልሽ ብላት እሺ አትለኝም" አሉኝ። ልጅቷ ዝም ብላ ቆየችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦

"እትዬ፣ አሮጌውን ጸጉር የት ታደርጊዋለሽ?"

መልስ አልነበረኝም። ሥራውንም ቢሆን ገና አልተማርኩትም። ስለዚህ ፈረሷን ሳልነካ አስቀመጥኳትና መጀመሪያ ሙያውን ልማር ብዬ ተነሳሁ።

ጸጉሩ ከየት ይመጣል?

እዚሁ ከጸጉር ቤት! የፈረሶቹ ጸጉር በአብዛኛው ናይለን ነው። አንዳንዶቹ ላይ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ርካሽ ዓይነት ይገባል። ይኼኛው ሲቆይ ይንጨባረራል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ማበጠሪያ አይቀበልም። እኛ ዘንድ በቀላሉ የሚገኘው ሴቶች ሹሩባ የሚሠሩበት ዊግ ነው። ከዊጎቹ ስመ ጥሩ ካኔካሎን ነው፤ ካኔካ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያመርተው ጭረት ነው። ሹሩባ ሠሪዎች ጫፉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲነክሩት አይታችሁ የለ? በሙቅ ውሃ ቅርጽ ስለሚይዝ ነው። ለፈረሷም የሚፈለገው ይኸው ጠባዩ ነው።

ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ስም ብቻ ግን አትታለሉ። ጥቂት ዘለላ ቆርጣችሁ እንጨት ላይ ጠቅልሉና ሙቅ ውሃ አፍሱበት። ሲቀዘቅዝ ጥቅልሉን ከያዘ ጥሩ ነው። ቀጭኑንና ለስላሳውን ምረጡ። አንድ ጥቅል ለብዙ ፈረስ ይበቃል። ጸጉር ቤት ወዳጅ ካላችሁ ደግሞ ከሥራ የተረፈ ቁራጭ ለምኑ፤ እኔ ልምምዴን የጀመርኩት በእሱና ባለቤት በሌላት አንዲት መላጣ አሻንጉሊት ነው።

አሠራሩ

ከሁሉ በፊት እጠቡት። ብዙ ጊዜ "አለቀለት" የሚባለው ጸጉር የተቆጣጠረና የቆሸሸ ብቻ ነው። ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና አጥባችሁ ከጫፉ ወደ ላይ ቀስ እያላችሁ አበጥሩት። ከተመለሰ መትከል አያስፈልግም፤ ገላገላችሁ! የተቃጠለ፣ የተቆረጠ ወይም የተነቀለ ከሆነ ግን ወደሚከተለው እለፉ።

1. ፎቶ አንሱ፣ ቀዳዳ ቁጠሩ። የጋማው ጸጉር በተርታ በተበሱ ቀዳዳዎች ውስጥ በትንሽ በትንሹ የገባ ነው። እኔ የሠራኋት ላይ 76 ቆጥሬያለሁ። ሁለት ቀለም ካላት የትኛው የት እንደሚገባ ወረቀት ላይ ሣሉ።

2. ጭንቅላቷን አላቁ። አትደንግጡ! ጭንቅላቷን ሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ያዙት። ፕላስቲኩ ሲለሰልስ ቀስ ብላችሁ እያዞራችሁ ሳቡ። በድሮዎቹ ላይ ኮላ ስላለ ቀጭንና ዱልዱም ቢላ በአንገቷ ዙሪያ ማስገባት ያስፈልጋል። የቸኮለ ይቀዳታል። ውሃው የፈላ አይሁን፤ የዓይኗ ቀለም ይጎዳል።

3. አሮጌውን አውጡ። ከውጭ አሳጥራችሁ ቁረጡና የቀረውን ከውስጥ በወረንጦ ጎትቱ። ቀዳዳው እንዳይሰፋ አንድ በአንድ ነው።

4. እጠቡና አድርቁ። ለሰውነቷ ሳሙናና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ግን በጭራሽ! ቀለሟንም ፕላስቲኩንም ይበላዋል። የ1980ዎቹ ፈረስ ካጋጠመቻችሁ ጭራዋ ከውስጥ በብረት ቀለበት የተያዘ ሊሆን ይችላል። ብረቱ ውሃ ሲነካው ይዝጋል፣ ዝገቱም ወደ ውጭ ይወጣል።

5. ዘለላውን አዘጋጁ። መጨረሻ ላይ እንዲሆን የምትፈልጉትን ርዝመት እጥፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ 15 ሳንቲ ሜትር ከፈለጋችሁ ከ30 በለጥ አድርጉት። መሐሉ ላይ እጠፉትና እጥፋቱን በክር አጥብቃችሁ ቋጩ። ቋጠሮው ከቀዳዳው መብለጥ አለበት፤ ማቆሚያው እሱ ነው።

6. ትከሉ። ቀጭን ሽቦ ለሁለት አጥፋችሁ እጥፋቱን በቀዳዳው ከውጭ ወደ ውስጥ አስገቡና በአንገቷ በኩል አውጡት። የጸጉሩን ጫፍ እዚያ ላይ አንጠልጥላችሁ ሽቦውን መልሳችሁ ሳቡ። ጸጉሩ ከነጫፉ በቀዳዳው ብቅ ይላል፣ ቋጠሮው ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ወደሚቀጥለው... ከዚያ ወደሚቀጥለው። ይኼ ሥራ ሦስት ማታ ወስዶብኛል። ቡና አፍሉ፣ ሙዚቃ ክፈቱ።

7. ኮላ ቀቡ። ቋጠሮዎቹን ከውስጥ ሲደርቅ በሚተጣጠፍ የጨርቅ ኮላ ያዙ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ድርቅ ብሎ ስለሚሰነጠቅ አይሆንም። አንድ ሌሊት አሳድሩት። ጭንቅላቷን ግን ገና አትግጠሙ! ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

8. ቅርጽ አስይዙ። እዚህ እኛ ዕድለኞች ነን፤ አገራችን የሽመል አገር ነው። የለሰለሰ የሽመል ስንጥር ላይ ጋማውን ጠቅልላችሁ በክር እሰሩ፣ ሙቅ ውሃ ከዚያም ቀዝቃዛ ውሃ አፍሱበት፣ ሲደርቅ ፍቱት። ከቢጎዲን ምኑ ያንሳል? ፓይስትራ ግን አታስጠጉ፤ ያቀልጠዋል።

የማሲንቆው ነገር

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። አዲሱ ጋማ ሊተከል ነው፣ አሮጌውስ? ለእኔ የተቃጠለ ናይለን ነው። ለእሷ ግን እናቷ ያበጠረችው ጸጉር ነው። እሱን አውጥቼ ብጥለው ፈረሷ አምራ ትመለሳለች፣ ልጅቷ ግን የሌላ ሰው ፈረስ የተሰጣት ያህል ይሰማታል። "ሌላ ይገዛልሽ" ሲሏት እሺ ያላለችውም ለዚህ ነው።

መላውን ያመጡት አያትየው ናቸው። እሳቸው በ1977 ዓ.ም. በሠፈራ ከወሎ ወደ አሶሳ ከመጡት አንዷ ናቸው። ልጅቷ ፈረስን የምታውቀው በአሻንጉሊትና በሥዕል ነው። የገንዲ በሽታ የምታስተላልፈው ዝንብ ያለችበት የእኛ ቆላ ለጋማ ከብት አይመችምና ፈረሱ እንደ ደጋው አይበዛም። አያትየው ግን ወሎ ላይ ከፈረስ ጋር ነው ያደጉት። አንድ ማታ ስተክል ሲያዩኝ ቆዩና ወደ ልጅቷ ዞረው፣ "የማሲንቆ ጭራው ሲበጠስ ባለሙያው ሌላ ጭራ ይተክልለታል። ታዲያ ማሲንቆው የሌላ ሰው ይሆናል እንዴ?" አሏት።

እውነታቸውን ነው። ማሲንቆ ያቺ አንዷ ክሩ የፈረስ ጭራ ናት፤ መምቻው ላይ የተወጠረውም እንዲሁ። ጭራው ያረጃል፣ ይበጠሳል፣ ይተካል። ማሲንቆው ግን የአባት ከሆነ የአባት፣ የአያት ከሆነ የአያት እንደሆነ ይኖራል።

ልጅቷ አሰብ አደረገችና፣ "እሺ፣ ግን አሮጌው አይጣል" አለች። እንዲህ አደረግን። ጭራዋን ጭራሽ አልነካሁትም፤ እናቷ እንዳመጣችው አለ። ከአሮጌው ጋማ እሳት ያልነካውን ለይተን አጠብን፣ በደንብ አደረቅን (እርጥብ ከገባ ይሸታል)፣ በሐምራዊ ክር አሰርን። ጭንቅላቷ ከመገጠሙ በፊት ልጅቷ በገዛ እጇ የፈረሷ ሆድ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ገጠምነው። በማግስቱ ለእናቷ በስልክ አሳይታታለች። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም።

ልሞክረው ለምትሉ

ሙያው ለአሻንጉሊት ሁሉ ይሠራል። ጸጉሯ ያለቀ አሻንጉሊት ደግሞ የሌለበት ቤት የለም! ከጎረቤት ልጆች ጀምሩ። በትርፍ ሰዓት ትንሽ ሳንቲም ማግኘትም ይቻላል። ሦስት ነገር ግን አደራ፦

አንደኛ፣ ባለቤቱን ሳትጠይቁ መቀስ አታንሱ። ባለቤቱ የ5 ዓመት ልጅ ቢሆንም እሱን ጠይቁት። ምን ይቅር፣ ምን ይውጣ፣ የወጣው የት ይቀመጥ? እናንተ ቆሻሻ የምትሉት የሰው ትዝታ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ የተተካ ጸጉር ያላትን ፈረስ ስትሸጡ "የራሷ ነው" አትበሉ። ሰብሳቢዎች ዋጋ የሚሰጡት ከፋብሪካ ለወጣው ጸጉር ነው። የተተካውንም የሚገዛ አለ፤ የተታለለ ግን አይመለስም።

ሦስተኛ፣ ሙቅ ውሃውንና ቢላውን ለልጆች አትስጡ። ሥራው ሲያልቅ እያንዳንዱን ዘለላ ሳብ ሳብ አድርጋችሁ ፈትሹ። ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃንም አትስጡ፤ የወለቀ ጸጉር ወደ አፍ ይገባል፣ ያንቃል።

በሉ እንግዲህ፣ ቁም ሳጥን ላይ የተጣለች መላጣ ፈረስ ወይም አሻንጉሊት ካለች አውርዷት። የማን እንደነበረች ጠይቁ፣ ከዚያ ሽቦና ክር ፈልጉ። የሚስቅ ጓደኛ ከመጣም ቀዳዳ እንዲቆጥርላችሁ አድርጉት፤ የእኔዎቹ አሁን እየቆጠሩልኝ ነው።

በቸር ያገናኘን!