ዋናው ዘፈን የትኛው ነው?

እናቴ ለዓይኗ ሕክምና ከአንኮበር መጥታ ደብረ ብርሃን እኛ ዘንድ ሦስት ሳምንት ሰንብታ ነበር። የደብረ ብርሃንን ማታ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሁሉም ሰው አንድ ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት። ከአንኮበር ጉም የመጣችው እናቴ እንኳ ብርዱን አልቻለችውም። እንዲህ ተሰብስበን አንድ የድምፃውያን ውድድር ስናይ፣ ተራው የደረሰው ወጣት «ኩሉን ማን ኳለሽ»ን ዘፈነ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ኪቦርዱም ቀዝቀዝ ያለ። የ13 ዓመቷ ልጄ ብድግ ብላ አጨበጨበች።

«ይሄኛውማ ከዋናው ይበልጣል!»

«የቱ ነው ዋናው?» አለች እናቴ።

«የጥላሁን ነዋ፣ እማማ።»

«ማነው የጥላሁን ነው ያለሽ? እኔ ስዳር የተዘፈነልኝ ነው።»

ልጄ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም። እኔም በመሀላቸው ተቀምጬ ለማን እንደምፈርድ ጠፋኝ፤ ምክንያቱም ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ሙዚቀኞች «ከቨር» ይሉታል፤ አንዱ የተጫወተውን ዘፈን ሌላው በራሱ መንገድ መልሶ ሲጫወተው። አብዛኛው ከቨር ከመጀመሪያው ያንሳል፤ ሰምተን እናልፈዋለን። አልፎ አልፎ ግን ሁለተኛው የፊተኛውን ጨርሶ ያስረሳል። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ወላጆች «ዘ ቦዲጋርድ» የተባለውን ፊልም ታስታውሱ ይሆናል፤ ዊትኒ ሂውስተን እ.ኤ.አ. በ1992 «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ»ን ስታቀልጠው ዘፈኑ የእሷ ያልመሰለው ሰው ጥቂት ነበር። ጽፋው እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣችው ግን ዶሊ ፓርተን ናት። ከሙያ አጋሯ ከፖርተር ዋገነር ለመለየት ስትቆርጥ የጻፈችው የስንብት ዘፈን ነው፤ ዝግ ያለ፣ ብዙ ጩኸት የሌለበት። የዊትኒ ቅጂ በአሜሪካ የዘፈኖች ሰንጠረዥ ለ14 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

ከዚያ በፊት ኤልቪስ ፕሪስሊ ሊዘፍነው ፈልጎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ የዘፈኑን መብት ግማሹን ካልሰጠሽን አላት። ዶሊ አልቅሳ እምቢ አለች። ያ እምቢታ በኋላ ዊትኒ ስትዘፍነው እንጀራ ሆነላት፤ ዘፈኑ ባደገ ቁጥር ስሟም ገቢዋም አብሮ አደገ። ኦቲስ ሬዲንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣውን «ሪስፔክት» አሬታ ፍራንክሊን ከሁለት ዓመት በኋላ ስትዘፍነው እንዴት እንደሆነበት መድረክ ላይ ቆሞ በቀልድ ተናግሯል፤ አንዲት ልጅ ዘፈኔን ወሰደችብኝ ብሎ። ቀልድ ይሁን እንጂ ልክ ነበር።

እነዚህን ታሪኮች አጣፍጦ ማውራት የሚቻለው የመጀመሪያው ስለሚታወቅ ነው። ሸክላው አለ፣ ዓመቱ አለ፣ የጸሐፊዋ ስም አለ። አንዱን ከሌላው አስቀድሞ ማሰማትና ማወዳደር ይቻላል። እኛ ጋ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በርሊን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት ነው፤ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክላ ላይ የወጣው ያኔ ነው ይባላል። ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ፣ ከዚያም በኋላ ገጠር ውስጥ የተዘፈነው አብዛኛው፣ አየር ላይ የቀረ ነው። ስለዚህ «የመጀመሪያው» የምንለው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሳይሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀዳው ነው።

«ትዝታ»ን ውሰዱ። የማን ትዝታ ይበልጣል ተብሎ የማይጨቃጨቅ ቤተሰብ አለ? አንዱ የበዙነሽ በቀለን ይላል፣ አንዱ የማህሙድ አህመድን፣ ሌላው የአስቴር አወቀን። አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ ስትጫወተው ደግሞ ክርክሩ ሁሉ ዝም ይላል (ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ ባለቤቴ አትስማማም)። ጌታቸው ካሳ ደግሞ አንዱን ትዝታ አንዴ በዝግታ፣ አንዴ በፍጥነት ተጫውቶ ራሱን በራሱ ከቨር አድርጓል ማለት ይቻላል። ግን ሁሉም የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ትዝታ እንደ ባቲ፣ እንደ አምባሰልና እንደ አንቺ ሆዬ ቅኝት ነው። ባለቤት የለውም። ማንም የማንንም አልወሰደም።

«ኩሉን ማን ኳለሽ» ትንሽ ይለያል፤ ምክንያቱም ቃሉም ዜማውም በየሰርጉ የነበረ ነው። ጥላሁን ገሠሠ በኦርኬስትራ ታጅቦ ተጫወተውና በሬዲዮ አገሩን አዳረሰ። ሙላቱ አስታጥቄም እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ ባስቀረጸው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» አልበሙ ውስጥ አስገብቶታል። ለሙሽሪት በእልልታና በጭብጨባ የሚዘፈን ዜማ በኒውዮርክ ስቱዲዮ በመሣሪያ ተመልሶ ሲመጣ ስሙት። ደስ የሚል ሥራ ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል እቸገራለሁ።

ያን ማታ እናቴ ያልሳቀችበትን ምክንያት ለመረዳት ግን ወደ ጥር መመለስ አለብኝ።

ጥር ላይ የወንድሜ ልጅ አንኮበር ውስጥ ተዳረች። ዳሱ ውስጥ ትልቅ የድምፅ ማጉያ ነበረ፤ የሚጫወተው ወጣትም በስልኩ የያዛቸውን ዘፈኖች እያፈራረቀ ነው። መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ዝም ሲል ሴቶቹ የለመዱትን ጀመሩ፤ እናቴ አወጣች፣ ሌሎቹ ተቀበሉ። ዜማው ከሬዲዮው ዘገም ይላል፤ መሀል ላይም እኔ ሌላ ቦታ ሰምቼው የማላውቅ አንድ መታጠፊያ አለው። ግጥሙ ውስጥ የሙሽሪት እናት ስም፣ የመጣችበት ቀበሌ፣ የአያቷ ሙያ ይገባል። ልጄ አጠገቧ ቆማ እያጨበጨበች ሳለ በቅን ልቧ፣ «እማማ፣ ተሳሳትሽ፤ እንደዚህ እኮ አይደለም» አለችና የሚያውቁትን ቅጂ አሰማቻት። እናቴ ቆም አለች። ከዚያ ልጂቱ ባለቻት መንገድ ቀጠለች። ሌሎቹ ሴቶችም እሷን ተከትለው ዜማውን ለወጡ። መብራት መጣ፤ ወጣቱ ማጉያውን ከፈተ፤ ነገሩ ተረሳ።

እኔ ግን አልረሳሁትም። ሃምሳ ዓመት በላይ የዘፈነችውን ዜማ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ስለተናገረች ብቻ ስህተት ነው ብላ ተቀበለች። ልጄን አልወቅስም፤ እሷ ዋናውን ሰምታለች፤ ዋናው ካሴት ላይ ያለው ነው ብለን ያሳደግናት እኛው ነን። በዚህ ሁኔታ ከቨሩ ዋናውን አስንቆ ብቻ አላበቃም፤ ዋናውን በባለቤቷ አፍ ላይ አረመው።

ይህን ስል የተቀዳውን ለማጣጣል አይደለም፤ የተቀዳው በእውነት የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ለዚህ ከሰሜን ሸዋ የበለጠ ምስክር የለኝም። የሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. የተወለደው ይፋት ነው፤ ከአንኮበር ተራሮች ቁልቁል በሚታየው አገር። በክራርና በመሲንቆ ጀመረ፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ገባ፤ ኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ቤትንና የፖሊስ ኦርኬስትራን አገለገለ። የሠራው ትልቁ ነገር ግን ሽለላን ከሰው ጉሮሮ አውጥቶ በሳክስፎን ማስገባቱ ነው። ዘማች ወደ ጦርነት ሲሄድ የሚያሰማውን ያን የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ፣ ከነትንፋሹና ከነመንቀጥቀጡ፣ በሳክስፎኑ ያወጣዋል። መድረክ ላይም የአንበሳ ጎፈር አድርጎ፣ ቆዳ ለብሶ ይወጣ ነበር።

በ1960ዎቹ የተቀረጸው አልበሙ በኋላ «ኢትዮፒክስ» በተባሉት የሸክላ ስብስቦች በ14ኛው ቁጥር እንደገና ታተመና ውጭ አገር ሰው ጆሮውን ማመን አቃተው። የውጭ ተቺዎች ከአሜሪካ የነፃ ጃዝ ተጫዋቾች ጋር አመሳሰሉት፤ እሱ ግን ያን ድምፅ ያመጣው ከነሱ ሳይሆን ከአገሩ ሽለላ ነበር። «ዘ ኤክስ» የተባለው የሆላንድ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2004 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር አምስተርዳም ድረስ ጋበዘው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አብረው አወጡ። የይፋቱ ልጅ ሽለላ የአውሮፓን መድረኮች ዞሯል፤ እሱም መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. አረፈ።

አባቴም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይሸልል ነበር። ሰርግ ላይ፣ ድግስ ላይ፣ አንዳንዴም አዝመራ ሲሰበሰብ። ድምፁ የለንም። ልብ በሉ፤ ቴፕ ሪከርደር ቤታችን ነበረ፤ መቅጃ ቁልፉም ይሠራ ነበር። ካሴቶቹ ላይ ግን የተገዙ ዘፈኖች ነበሩባቸው፤ የታወቀ ዘፋኝ አጥፍቶ አባትን መቅዳት አላዋቂነት መሰለን። ባዶ ካሴት ደግሞ ለደብዳቤ ነበር፤ አረብ አገር ላለችው እህታችን ድምፃችንን የምንልክበት። አባቴ በእነዚያ ካሴቶች ላይ ሰላምታ ብሎ፣ ጤና ጠይቆ፣ ዝናቡን ነግሮ ያበቃል። እነሱም እሷ ጋ ሄደው ቀሩ።

እናቴ ደብረ ብርሃን በሰነበተችባቸው ቀናት የጌታቸውን ሽለላ ከስልኬ አሰማኋት። ዓይኗ በፋሻ ስለተሸፈነ ጆሮዋን ብቻ ሰጥታ ሰማች። መጀመሪያ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ በእጇ ጉልበቷን መታ መታ አደረገች። ሲያበቃ ምን ትላለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ጎበዝ ነው። ቃሉ ግን የት ሄደ?»

እውነቷን ነው። አባቴ ሲሸልል የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም፣ የዘመተበትን አገር ይጠራ ነበር። ሳክስፎኑ ድምፁን ከማንም በላይ አድርጎ ያዘው፤ ስሞቹን ግን ሊይዝ አይችልም። አምስተርዳም ያለው አድማጭ ስሞቹ ስለሌሉ አይጎድልበትም፤ ለእናቴ ግን ሽለላው ስሞቹ ነበሩ።

የመብቱ ጉዳይም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ የአንድን ሥራ ደራሲ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ዶሊ ፓርተን አንኮበር ብትወለድም ሕጉ ከእሷ ጋር በሆነ ነበር። የእናቴ ዜማ ግን ደራሲ የለውም፤ ካሴት ላይ ሲወጣ «ግጥምና ዜማ የሕዝብ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ስድብ አይደለም፤ እውነት ነው። ከአክስቷ ተምራዋለች፣ አክስቷም ከሌላ። ነገር ግን «ሕዝብ» የሚለው ቃል ውስጥ ያቺ በመሀል ያለችው መታጠፊያ አትታይም፤ የማን እንደነበረችም አይታወቅም።

ስለዚህ እናቴ ከመመለሷ በፊት ባለው ቅዳሜ ልጄ ስልኳን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። እንደ ቃለ መጠይቅ «እማማ፣ ዝፈኚልኝ» ስትላት አልሆነም፤ አፍራ ጉሮሮዋን ጠረገችና ስለ አየሩ ማውራት ጀመረች። ቡና እየቆላች ሳለ ግን ራሷ ጀመረችው። (ለምትሞክሩ ሁሉ ምክሬ ይኸው ነው፤ እጃቸው ሥራ ሲይዝ ቅዱ፤ ኪቦርድ አታጅቡ፤ ሲጨርሱም ከማን እንደተማሩት ስማቸውን እዚያው ቅጂ ላይ አስነግሩ።) ድስቱ ይንጫጫል፣ ጎረቤት ውሻ ይጮሃል፤ እናቴ ግን ያችን መታጠፊያ ሳታስቀር ዘፈነች። ልጄ ስህተት ነው አላለቻትም።

«ድገሚልኝ» አለቻት ሲያበቃ።

እናቴ ደገመችላት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ተለየ፤ አንድ ስንኝ ወጥቶ ሌላ ገባ፤ መታጠፊያዋም ቦታዋን ለወጠች። ልጄ ግራ ተጋብታ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ አያቷ ዞረች።

«እማማ፣ አሁን የትኛው ነው ዋናው?»

«ቡናው አረረ፤ አውርጂው» አለቻት እናቴ።