የፈረሰ መሥሪያ ቤት ወራሽ

ምርጫ ባለፈ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚጠብቀው የሹመት ዝርዝር ነው። መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚኒስትሮቹን ሹመት ሲያጸድቅ፣ ከተቃዋሚ ፓርቲዎች የመጡት ብርሃኑ ነጋ፣ በለጠ ሞላና ቀጀላ መርዳሳ ስማቸው መጠራቱ የሰሞኑ ወሬ ሆኖ ሰነበተ። የጠበቃ ዐይን ግን ሌላ ቦታ ነው። እኛ የምንጠብቀው የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር የሚወስነውን አዋጅ ነው።

ይህ አዋጅ ምርጫን ተከትሎ መምጣት ልማዱ ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አዋጅ ቁጥር 471/1998፣ ከ2002ቱ በኋላ 691/2003፣ ከ2007ቱ በኋላ 916/2008 ወጣ። 1097/2011 ብቻ ምርጫ ሳይጠብቅ፣ በጠቅላይ ሚኒስትር ለውጥ መጣ። ከ2013ቱ ምርጫ ማግስት ደግሞ 1263/2014 ተተካ። በዚህኛው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተመልሶ ፍትሕ ሚኒስቴር ሆነ፤ የእኔ የጥብቅና ፈቃድ እንኳ በአንዱ ስም ወጥቶ በሌላው ስም ታድሷል። ሠራተኛና ማህበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴርም ለሁለት ተከፈለ፤ ሠራተኛው ወደ ሥራና ክህሎት፣ ማህበራዊ ጉዳዩ ወደ ሴቶችና ማህበራዊ ጉዳይ ሄደ።

በወረቀት ላይ ነገሩ የሚያስቸግር አይደለም። አዋጁ ስለ መብትና ግዴታ መተላለፍ ይደነግጋል፤ የፈረሰ መሥሪያ ቤት ለንብረቱም ለዕዳውም ወራሽ አለው። ጣጣው የሚጀምረው መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ነው።

አንዲት ደንበኛዬ ሻይ ቤት አላቸው። የአንድ መሥሪያ ቤት ፒካፕ (ስሙን ልተወው) ግድግዳቸውን ጥሶ ገባ። ካሳ ጠየቅን፤ የትራፊክ ፕላኑና የጥገናው ፕሮፎርማ ተያይዞ፣ ቅጂያችን ላይ «ገቢ» የሚል ማህተም ተመታበት። ምላሽ ሳይመጣ ምርጫው አለፈ፣ መሥሪያ ቤቱም ለሁለት ተከፈለ። መኪናው ከንብረት ክፍሉ ጋር ወደ አንዱ፣ ሾፌሩ ከሥራ ክፍሉ ጋር ወደ ሌላው። አንዱ ጋ ስንሄድ «ሾፌሩ የእኛ ሠራተኛ አይደለም»፣ ሌላው ጋ ስንሄድ «መኪናው እኛ ዘንድ የለም»። ሴትዮዋ ደረጃው ላይ አረፍ ብለው፣ «ታዲያ ልጄ፣ ግድግዳዬን ማን ጣሰው ልበል?» አሉኝ።

ሕጉ መልስ አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት ባለሞተር ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ ሌላ ሰው ቢነዳውም ከኃላፊነት አያመልጥም። የቀረን መኪናውን ከነዕዳው ማን እንደተረከበ ማወቅ ብቻ ነው። ይህን የሚነግረን የርክክብ ሰነድ ደግሞ ተገልጋይ እጅ አይገባም። እስከዚያው ቁጥር 2143 ቀን ይቆጥራል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ይርጋ መሥሪያ ቤት ዕቃውን ጭኖ እስኪጨርስ አይጠብቅም። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ክስ ከሰስናቸው። ዳኛ ፊት ቆመው እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ።

ፍርድ ቤት ሳይደረስ የሚሞከርም አለ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል። «አይመለከተንም» ሲባሉ «እሱንም በጽሑፍ ይስጡኝ» ማለት ነው። አንዳንዴ ደብዳቤውን ከመጻፍ ፋይሉን መፈለግ ይቀላቸዋል።

የተመረጠ መንግሥት ቤቱን እንደሚመቸው ማደራጀቱን አልቃወምም። የምቃወመው በየአምስት ዓመቱ የሚመጣውን የማደራጀት ወጪ ፋይል ያለው ሰው ብቻውን መሸከሙን ነው። ታፔላ ከመቀየሩ በፊት የትኛው ጉዳይ የት እንደተዛወረ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ የሚጠይቀው ወረቀትና ማጣበቂያ ነው፤ አዋጅ አርቃቂዎችም ይህን ግዴታ በአንድ ንዑስ አንቀጽ ሊጥሉት ይችላሉ።

እናንተም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያልተቋጨ ጉዳይ ካላችሁ፣ «ገቢ» የተመታበትን ቅጂ ከነቁጥሩና ከነቀኑ አስቀምጡ። መስኮቱ ላይ «አምጡት» ቢሏችሁ ፎቶ ኮፒውን እንጂ ማህተም ያረፈበትን አትስጡ።