«ዝግጁ» ማለት ምን ማለት ነው?

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከሩቅ የሚመጣን መልእክት «አንብብ» ተብሎ ሲታዘዝ፣ የሚነበብ ነገር ገና ያልደረሰ እንደ ሆነ፣ እስኪደርስ ድረስ መልእክቱ በሚገባበት ደጅ ላይ ቆሞ ይቀራል። ደጁ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ነውር ባልሆነ ነበር፤ ነገር ግን ሰርቨር የተባለው አገልጋይ በአንድ ጊዜ ብዙ መቶ እንግዶችን የሚያስተናግድ ስለ ሆነ፣ ዝም ባለው በአንደኛው ፊት ቆሞ ሲጠብቅ የሚናገሩት ሁሉ ሰሚ ያጣሉ።

ይህን ችግር ለማቃለል፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ የተዘጋጀውና በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው 4.2 ቢኤስዲ የተባለው የዩኒክስ ሥርዓተ ክወና ዓይነት «ሰሌክት» የሚባለውን ጥሪ ይዞ መጣ። ፕሮግራሙ ከደጅ ወደ ደጅ መንከራተቱን ትቶ፣ የሚጠብቃቸውን ደጆች ዝርዝርና የሚታገሥበትን ጊዜ ልክ የሥርዓተ ክወናው እምብርት ለሆነው ለከርነሉ ያስረክብና ይተኛል፤ ከርነሉም በቤተ ክርስቲያን እንደምናውቀው ዐጻዌ ኆኅት ደጆቹን ሁሉ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ዝግጁ ሲሆን ፕሮግራሙን ቀስቅሶ ስንቶቹና የትኞቹ እንደ ሆኑ ያስታውቀዋል፤ የተወሰነው ጊዜ ካለፈ ዜሮ፣ እክል ከገጠመው ደግሞ ከዜሮ በታች አንድ ይመልስለታል።

የ«ሰሌክት» ጠባይ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ጥያቄው የተጻፈበትን ሰሌዳ ፍቆ መልሱን በዚያው ላይ ስለሚጽፍ፣ ጠያቂው ዝርዝሩን በየጊዜው እንደ አዲስ መጻፍ አለበት፤ በሊኑክስም በተለመደው አሠራር ቁጥሩ ከ1023 የሚበልጥ ደጅ አይቀበልም። ኋላ በሲስተም ፋይቭ ዩኒክስ የመጣው «ፖል» ለጥያቄውና ለመልሱ የተለያየ ቦታ ሰጥቶ የፊተኛውን ችግር አረመ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. በሊኑክስ የተጨመረው «ኢፖል» ደግሞ ዝርዝሩ በራሱ በዐጻዌ ኆኅቱ ዘንድ እንዲቀመጥ አደረገ።

እኔ ልዘገይበት የምወደው «ዝግጁ» በምትለው ቃል ላይ ነው፤ በዚህች በአንዲት ቃል ያልተሰናከለ ጀማሪ እምብዛም አላየሁምና። ቃሉን የሰማ ሁሉ «መልእክት መጥቷል» ብሎ ይተረጕመዋል፤ የሊኑክስ መመሪያ ግን አሁን ብታነብ ቆመህ አትቀርም ማለቱ ነው። እንደ መጻሕፍት መምህራን በአንድምታ ቢፈታ፦ አንድም መልእክት ደርሷል፤ አንድም ላኪው ንግግሩን ፈጽሞ መስመሩን ዘግቷል፤ አንድም በመስመሩ ላይ ስሕተት ደርሷል፤ አንድም ደጁ የእንግዳ መቀበያ ከሆነ አዲስ እንግዳ ቆሟል። ሁለተኛውን ትርጓሜ የዘነጋ ሰው ዜሮ ፊደል ያነብና፣ ተመልሶ ይጠይቅና፣ «ዝግጁ ነው» ይባልና፣ ደግሞ ዜሮ ያነባል፤ ፕሮግራሙም ምንም ሳይሠራ የማሽኑን ጕልበት ሲበላ ያድራል። (እኔም አንድ ጊዜ ጥፋቱን ከመስመሩ ስፈልግ አምሽቼ ያገኘሁት ከራሴው ጽሕፈት ውስጥ ነው።)

ለመጻፍ ዝግጁ የሆነ ደጅም ቢሆን የሚያሳልፈው በመጠኑ ትንሽ የሆነውን ጽሑፍ ነው፤ ከዐቅሙ በላይ የጫነበት ሰው ጭነቱን ይዞ እዚያው ይቆማል። በዲስክ ላይ ያለ ተራ ፋይልማ፣ ዲስኩ የቱን ያህል ቢዘገይ ሁልጊዜ ዝግጁ ስለሚባል፣ እርሱን በዚህ ጥሪ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው።

ከሁሉ የሚረቀው ነገር ዐጻዌ ኆኅቱ «ዝግጁ» ካለ በኋላ እንኳ አንባቢው ቆሞ ሊቀር መቻሉ ነው። በሊኑክስ አንድ የመልእክት እሽግ ደርሶ ፕሮግራሙ ከተቀሰቀሰ በኋላ፣ እሽጉ ሲመረመር የማረጋገጫ ድምሩ የተሳሳተ ሆኖ ቢገኝ ይጣላል፤ ሊያነብ የመጣውም ባዶ ደጅ ያገኛል። የዝግጁነት ቃል ለተጠየቀበት ቅጽበት ብቻ የተሰጠ ምስክርነት ስለ ሆነ፣ ጥንቁቅ ጸሓፊ ደጁን፣ ማለትም ሶኬት የሚባለውን፣ አስቀድሞ «ኦ ኖንብሎክ» በሚባለው ምልክት ያሰናዳዋል፤ ያን ጊዜ የሚነበብ ባይኖር፣ ንባቡ «ኋላ ሞክር» የሚል የስሕተት ቁጥር ይዞ ወዲያው ይመለሳል።

ይህን ማስጠንቀቂያ የሊኑክስ መመሪያ ያኖረው ወደ ገጹ መጨረሻ ግድም፣ ስለ ጉድለቶች በሚናገረው ክፍል ነው፤ ችኩል አንባቢ ደግሞ እዚያ ድረስ አይዘልቅም። እኔ አዘጋጁ ብሆን ኖሮ «ዝግጁ» የምትለው ቃል መጀመሪያ ከተነሣችበት ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ አሰፍረው ነበር።